ለበጉ መዝገብ፣ ለልጁ ፊሽካ

መንዝ ውስጥ አውራ በግ እንዴት እንደሚመረጥ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ልንገራችሁ፤ ደስ የሚል ነገር ነው።

የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በመሐል ሜዳና በሞላሌ ዙሪያ ከገበሬው ጋር የያዘው ሥራ ነው። ጠቦቱ ሲወለድ ጆሮው ላይ ቁጥር ይደረግለታል። የተወለደበት ቀን ይጻፋል። እናቱ የትኛዋ እንደሆነች፣ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ፣ ነጠላ ይሁን መንታ ይጻፋል። ይመዘናል። አደግ ሲል እንደገና ይመዘናል፤ ስድስት ወር ሲሞላው ደግሞ እንደገና። ከዚያ መዝገቡ ይገለጥና ገበሬዎቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ባሉበት ጠቦቶቹ ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ። በዚህም አያበቃም፤ ዓመት ሲጠጉ ሌላ ማጣሪያ ይጠብቃቸዋል። ከሁሉም የገረመኝ ግን ይኼ ነው፤ መንታ ሆኖ የተወለደ ጠቦት ክብደቱ ስላነሰ ብቻ ዝም ብሎ አይጣልም። ጡት ተካፍሎ ያደገ ነውና ሒሳቡ ሲሠራ መንታነቱ ይታሰብለታል።

እሰየው ነው! ይኼ የሠለጠነ አሠራር ነው። ገበሬው ድሮም ቢሆን ለዘር የሚሆነውን ገብስ ገና ማሳው ላይ ቆሞ ሳለ ነው ዓይኑን የሚጥልበት። አውድማ ላይ ከተከመረ በኋላ በጨለማ ገብቶ አንድ እፍኝ የሚዘግን ገበሬ የለም። ቢኖርም ዘንድሮ እንጂ ለከርሞ ገበሬ ሆኖ አይዘልቅም።

እስቲ አሁን ከበጉ ወደ ልጁ እንምጣ። የአንኮበርን ወይም የደብረ ብርሃንን ልጅ፣ ኳስ የሚወደውንና የሚችለውን ልጅ፣ ለታዳጊ ቡድን፣ ለክለብ ወይም ለአካዳሚ እንዴት ነው የምንመርጠው?

አንድ የምልመላ ቀን በዓይነ ኅሊናችሁ ሣሉ። መቼም አገራችን ውስጥ ኳስ ሜዳ አጠገብ ያደገ ሰው ለመሣል አይቸገርም። ማስታወቂያው ከሦስት ቀን በፊት ተለጥፏል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ በዚያ በደብረ ብርሃን ብርድ (ከተማዋ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት በከንቱ አይደለም) መቶ ምናምን ልጅ ሜዳው ዳር ተኮልኩሏል። ግማሹ የተዋሰው ጫማ ነው ያደረገው። መልማዩ ከአዲስ አበባ መጥቷል፤ ማታ መመለስ አለበት። ፊሽካ አንገቱ ላይ፣ ደብተር እጁ ላይ።

"አንተ ረጅሙ፣ ና ወዲህ! ስንት ዓመትህ ነው?"

"አሥራ አምስት ነው፣ ኮች።"

"ጎሽ። እዚያ ጋ ቁም።"

ከዚያ አሥራ አንድ ባሥራ አንድ ሆነው ይሰለፋሉ። ሃያ ደቂቃ። ፊሽካ። ቀጥሎ! ሌላ ሃያ ደቂቃ። ፊሽካ። ቀጥሎ! የማይተዋወቁ ሃያ ሁለት ልጆች ናቸው። ሁሉም መታየት ስለሚፈልግ ኳስ የሚያቀብል አይኖርም። ኳስ አቀባይ ሆኖ የተፈጠረው ልጅ፣ ያ ከሁሉም በፊት ክፍት ቦታ የሚያየው ልጅ፣ በዚያ ግርግር ውስጥ ሦስት ጊዜ ኳስ ቢነካ ነው። ሲመሽ አምስት ስም ይነበባል። የቀረው "በርቱ፣ ተለማመዱ" ተብሎ ይሸኛል። ለምን እንዳልተመረጠ የሚነግረው የለም። ለነገሩ መልማዩስ ምኑን ይነግረዋል? የልጁን ስም እንኳ አያውቀውም፤ "ባለ ቀዩ ማልያ" ነው የሚለው።

ለጠቦቱ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ለልጁ ሃያ ደቂቃ። ለጠቦቱ መዝገብ፣ ለልጁ ፊሽካ!

"እንዴ! ልጅን ከበግ ጋር ታወዳድራለህ?" የሚለኝ አይጠፋም። ልክ ነው፣ ልጅ በግ አይደለም። እኔም የምለው ይኸንኑ ነው። ልጅ በግ ስላልሆነ ለበግ ከተደረገው የበለጠ እንጂ ያነሰ ሊደረግለት አይገባም ነበር።

ነገሩ የጥቂት መልማዮች ስንፍና ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። ሰው ይቀየራል። ችግሩ የአሠራሩ ነው፤ ደግ ሰውም ገብቶበት ክፉ ምርጫ ይመርጣል። ለምን?

የመጀመሪያው ምክንያት ዓይናችን ትልቁን ማየት ስለሚወድ ነው። በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመት ላይ ያሉ ልጆችን አንድ ላይ አቁሟቸው። አንደኛው ጢም አብቅሏል፣ ድምፁ ጎርንኗል። ሌላኛው ገና ሕፃን ነው የሚመስለው። ሁለቱም እኩል ዓመት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የአንዱ ሰውነት ቀደመ፣ የሌላው ዘገየ እንጂ። ቀድሞ የጎለመሰው ይሮጣል፣ ይገፋል፣ ከሩቅ ይመታል። ሃያ ደቂቃ ውስጥ እሱን የማይመርጥ ማነው? ግን በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ሁለቱ በቁመትም በጉልበትም ይስተካከላሉ። ያኔ ትልቁ ልጅ ጉልበቱ የጋራ ይሆንበትና እግሩ ላይ ምንም አይተርፈውም። ትንሹ ግን በጉልበት ስለማይችል በዘዴ ሲያመልጥ ያደገ ነውና ዘዴው አብሮት አለ። አባቶቻችን ይኼን በአንድ አረፍተ ነገር ጨርሰውታል፦ ፊት የወጣን ጆሮ ኋላ የወጣ ቀንድ በለጠው። እኛ ግን በየምልመላው የምንሰበስበው ጆሮ ነው፤ ቀንዱን ሜዳ ላይ ትተነው እንመጣለን።

ይኼ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካናዳ ውስጥ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾችን ያጠኑ ሰዎች አንድ ነገር ታዘቡ። ከምርጦቹ ልጆች ብዙዎቹ የተወለዱት በዓመቱ መጀመሪያ ወራት ነው። ምሥጢሩ ቀላል ነው፤ በአንድ የዕድሜ ክፍል ውስጥ ጃንዋሪ ላይ የተወለደው ዲሴምበር ላይ ከተወለደው በአሥራ አንድ ወር ይበልጠዋል። ከዚያ ወዲህ በአውሮፓ እግር ኳስም ያው ተገኘ። በእኛ አቆጣጠር የፊፋ ዓመት የሚገባው ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ላይ ነው። የገና ሰሞን የተወለደው ልጅ ወንድም ጋሼ፣ ኅዳር ሲታጠን የተወለደው ታናሽ ወንድም ሆኖ ሳለ ሁለቱም "እኩያ" ተብለው ይሰለፋሉ። ለመንታው ጠቦት የታሰበው ሒሳብ ለኅዳሩ ልጅ አይታሰብም።

አሥራ አንድ ወር ስል ግን የምትስቁብኝ ትኖራላችሁ። "አንተ ስለ ወር ታወራለህ፤ እዚህ አራትና አምስት ዓመት የሚሸጎጥበት አገር!" እውነት ነው። ወደ ሁለተኛው ምክንያት መጣን፤ ዕድሜ።

እናቶቻችን የልጃቸውን ልደት የሚያስታውሱት በጥምቀት፣ በማርያም፣ በአዝመራ ነው። ይኼ ነውር አይደለም። መንግሥት ራሱ ልደትን በአገር አቀፍ ደረጃ በወሳኝ ኩነት መመዝገብ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ልጅ "ዕድሜህ ስንት ነው?" የሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ቀበሌ ነበር፤ ቀበሌ ደግሞ የተነገረውን ይጽፋል። ስለዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ጎረምሳ አሥራ አምስት ሆኖ ይመጣል። ፊፋ ይኼን ስላወቀ ነው በ2002 ዓ.ም. ናይጄሪያ ካዘጋጀችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የልጆቹን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማየት የጀመረው። የአንጓው አጥንት ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ልጁ ዕድሜውን አልፏል ተብሎ ይመለሳል። ወረቀት ይዋሻል፤ አጥንት አይዋሽም።

እኛ ስለ ዕድሜ ማጭበርበር ስናወራ ሁሌ የምናስበው ስለ ቅጣቱ ነው። "ካፍ አባረረን"፣ "አዋረዱን"። የተበደለው ግን ካፍ አይደለም። የተበደለው እውነተኛው የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነው። አምስት ወንበር አለ እንበል። ሦስቱ ላይ ጎረምሶች ተቀመጡ። ጎረምሶቹ ሦስት ዓመት ሳይቆዩ ጉልበታቸው ያልቃል፤ "ገና በሃያ ሁለት ዓመቱ ምን ነካው?" እንላለን። ምንም አልነካውም፣ ሃያ ስድስት ሆኗል! ወንበሩ የተወሰደበት ልጅ ግን ይኼኔ ባጃጅ እየነዳ ነው። የዕድሜ ውሸት የሌላ ልጅን ዕጣ መስረቅ ነው። ሰርቆ ያስገባውም ብዙ ጊዜ ልጁ ራሱ አይደለም፤ ዋንጫ የቸኮለበት ትልቅ ሰው ነው።

"ተሰጥኦ ያለው መቼም አይቀርም፣ እንደ ምንም ብሎ ይወጣል" የሚሉ አሉ። የወጡትን እያዩ ነው እንዲህ የሚሉት። ያልወጣውን ማን ቆጠረው? ይኼን አባባል ከሩጫ የተዋስነው ይመስለኛል። በ1991 ዓ.ም. ሲቪል ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጌጤ ዋሚ የደብረ ብርሃን አካባቢ ልጅ ናት። ሰሜን ሸዋ ሯጭ ማውጣት አይቸግረውም። ግን ሩጫ ዳኛው ሰዓት ነው። ሰዓት ዘመድ የለውም፣ ቁመት አይጠይቅም። አንደኛ የገባችውን ልጅ "አንቺ አጭር ነሽ፣ ተመለሺ" የሚል አሠልጣኝ የለም፤ ገብታለቻ! ኳስ ግን ሰዓት የለውም። የኳስ ችሎታ በሰው ዓይን ነው የሚመዘነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ ይቸኩላል፣ ይደክመዋል፣ ይሸነግሉታል፣ አማላጅ ይላክበታል። ሰዓት በሌለበት ቦታ ሰዓትን የሚተካ ነገር ያስፈልጋል። እሱም መዝገብ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። አንኮበር የሣህለ ሥላሴና የምኒልክ መናገሻ የነበረች አገር ናት። ከደብረ ብርሃን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ለኳስ ግን ሩቅ አገር ናት። ሜዳ ተብሎ የሚጠራው ቦታ ከገደል ጋር የተጎራበተ ነው፤ ኳሷ አንዴ ካመለጠች አልዩ አምባ ገበያ ውስጥ ነው የምትገኘው ይላሉ ቀልደኞቹ። ቀልዱ ውስጥ ግን ቁም ነገር አለ። ኳስ ካመለጠችው ቁልቁለት የሚወርድና ዳገት የሚወጣ ልጅ ኳስ አያስመልጥም! እግሩ ሥር ማቆየትን ሳያስተምሩት ይማራል። ይኼን ልጅ ማነው ያየው? መልማይ አንኮበር አይደርስም፤ ልጁ ነው ደብረ ብርሃን የሚመጣው። ወይም ይባስ ብሎ ከዚያ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ። ለዚያ ደግሞ የትራንስፖርት፣ የማደሪያ፣ የምሳ ያስፈልጋል። አባትየው በግ ይሸጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ክልሉ ውስጥ ግጭት ከተነሣ በኋላ ደግሞ ልጅን ለኳስ ብሎ መንገድ ላይ ማውጣት ራሱ ሌላ ጭንቀት ሆነ።

አራተኛውና ለእኔ ዋናው ምክንያት ይኼ ነው፤ ልጁን የሚያውቀው ሰው አይጠየቅም። በየወረዳው የታዳጊዎች ፕሮጀክት የሚባል ነገር እንዳለ ታውቃላችሁ። አንድ አሠልጣኝ፣ ሃያ ምናምን ልጅ፣ ጥቂት ኳስ። ብዙ ጊዜ አሠልጣኙ የስፖርት መምህር ነው፤ የሚከፈለው አበል ለጫማ ሶል አይበቃም። ግን ልጆቹን ያውቃቸዋል። ማን ጾሙን ውሎ እንደሚመጣ፣ ማን ሲሸነፍ እንደሚያለቅስና በማግስቱ ቀድሞ እንደሚገኝ፣ ማን ባለፈው ዓመት አጭር የነበረና ዘንድሮ በስንዝር እንደጨመረ ያውቃል። ሁለትና ሦስት ዓመት አይቷቸዋል። ምልመላው ሲመጣ ግን የእሱ ሥራ ልጆቹን አሰልፎ ማምጣትና ውኃ ማቅረብ ነው። ሦስት ዓመት ያየው ሰው ዳር ቆሞ፣ ሃያ ደቂቃ ያየው ሰው ይፈርዳል። አሃ! እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምስክሩ ሳይሰማ ብይን የሚሰጥበት?

ክለቦቹስ? አብዛኞቹ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦቻችን የሚኖሩት ከከተማ አስተዳደርና ከመንግሥት ተቋማት በሚመጣ በጀት ነው። በጀቱ የዓመት ነው፤ ሥራ አስኪያጁም የዓመት ነው፤ አሠልጣኙማ ለዓመት ከደረሰ ተመስገን ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ የሚደርስ ልጅ ለማን ብሎ ያሳድጋል? የበሰለውን ይገዛል። የበሰለው ዋጋው ሰማይ ሲነካ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ላይ የተጫዋች የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ እስከማውጣት ተደረሰ። ጣሪያው ተወራ፤ መሠረቱን ግን ያነሣ አልነበረም። ዋጋው የተወደደው እኮ ልጅ ስለማይበቅል ነው። ገበያ ላይ ጤፍ ሲጠፋ ጤፍ እንደሚወደደው ማለት ነው።

መዝገብ መዝገብ የምለው ነገር ለአንዳንዱ የቢሮ ወሬ ይመስለው ይሆናል። እስቲ 2005 ዓ.ም.ን እናስታውስ። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስንበት ዓመት ነው። ሰውነት ቢሻው፣ እነ አዳነ ግርማ፣ እነ ሽመልስ በቀለ፣ እነ ጌታነህ ከበደ፣ እነ ሳላዲን ሰዒድ። አገሩ ሁሉ በደስታ ሰክሮ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ 2 ለ 1 አሸነፍን። ከዚያስ? ቢጫ ካርድ ተደራርቦበት ማረፍ የነበረበት ተጫዋች ተሰልፎ ተገኘና ሦስቱ ነጥብ ተወሰደብን። ያሸነፍነው በእግራችን ነው፤ የተሸነፍነው በደብተራችን። ቢጫ ካርድ በትክክል ያልመዘገበ ቤት የአንኮበርን ልጅ ልደትና ዕድገት ይመዘግባል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። ግን ከመጠበቅ ውጪ ምን አማራጭ አለን?

ሌላው ዓለም ምን አደረገ? ጀርመን በ1992 ዓ.ም. በአውሮፓ ዋንጫ ከምድቧ መጨረሻ ሆና ስትመለስ ተደናገጠች። ከሁለት ዓመት በኋላ በመላ አገሪቱ ከ360 በላይ የታዳጊዎች ማሠልጠኛ ጣቢያዎች ከፈተች። ልጁ ከቤቱም ከሠፈር ክለቡም ሳይነሣ በሳምንት አንድ ቀን ሻል ያለ አሠልጣኝ ያየዋል። ሳምንት በሳምንት፣ ዓመት ባመት ይታያል ማለት ነው። በ2006 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ አነሣች። "ጀርመን ሀብታም ናት" ትሉ ይሆናል። እሺ፣ አይስላንድን ውሰዱ። ብርዱ ደብረ ብርሃንን ያስንቃል፤ ሕዝቧ በዚያን ጊዜ ከ350 ሺህ አይበልጥም ነበር፤ ከሰሜን ሸዋ ጥቂት ወረዳዎች ሕዝብ ጋር ነው የሚስተካከለው። ሥራዬ ብላ የያዘችው አሠልጣኝ ማሠልጠንን ነው። የሠፈር ሕፃናትን የሚያጫውተው ሳይቀር ፈቃድ ያለው አሠልጣኝ እንዲሆን አደረገች። በ2008 ዓ.ም. እንግሊዝን 2 ለ 1 አሸንፋ ከአውሮፓ ዋንጫ አሰናበተቻት። ልጅ መርጣ የምትጥልበት ትርፍ አልነበራትምና ማንንም አልጣለችም።

እኛ ግን ብዙ ነንና መጣል እንወዳለን። "መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ይዘን አሥራ አንድ ልጅ አጣን" ብለን እንቀልዳለን። አላጣንም፤ አላየንም። መቶ ሚሊዮንን በሃያ ሃያ ደቂቃ ማየት ደግሞ አይቻልም። ባሉበት የሚያያቸው ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ ያ ሰው ደግሞ አለ፤ ሜዳ ዳር ውኃ ይዞ ቆሟል።

ታዲያ ምን ይደረግ? አካዳሚ ይገንባ፣ ስታዲየም ይሠራ አልልም፤ እሱን የሚሉ ብዙ ናቸው። የእኔ ልመና በደብተር ዋጋ የሚያልቅ ነው። በየፕሮጀክቱ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ገጽ ይከፈት። የተወለደበት ቀን በተገኘው ማስረጃ ሁሉ ይጻፍ፤ የክርስትናውም፣ የትምህርት ቤቱም። በየስድስት ወሩ ቁመቱ ይለካ። ምን ቦታ እንደተጫወተ፣ ምን እንደተሻሻለ አሠልጣኙ ሁለት መስመር ይጻፍ። መልማይ ሲመጣ መጀመሪያ ደብተሩን ያንብብ፣ አሠልጣኙን ይጠይቅ፣ ከዚያ ልጁን ከገዛ ቡድኑ ጋር ሲጫወት ይየው። ከተቻለ በሌላ ወቅት ሌላ ሰው ተመልሶ ይየው። ያልተመረጠው ልጅ ለምን እንዳልተመረጠ ይነገረው፤ ከዓመት በኋላም በሩ አይዘጋበት። ለዚህ ዶላር አያስፈልግም፤ የውጭ አሠልጣኝም አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር። መንዝ ውስጥ ያልተመረጠው ጠቦት እንኳ መላ አለው። ይቀጠቀጥና ሙክት ይሆናል፤ ለፋሲካ ደህና ዋጋ ያወጣል። ያልተመረጠው ልጃችንስ? ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ፣ "ሙከራ አለ" ተብሎ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ከርሞ፣ ደላላ "የምዝገባ" ብሎ ብሩን በልቶበት፣ ሲመለስ እኩዮቹ ጥለውት አልፈዋል። ኳሱም ቀረ፣ ቀለሙም ቀረ። ክፉ ምርጫ ቡድኑን ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ የተመረጠውንም ያልተመረጠውንም ልጅ ሕይወት ይነካል።

ስለዚህ የሰሜን ሸዋ ወላጆች፣ አባቶችና እናቶች፣ ለፌዴሬሽኑ የሚጻፍ ደብዳቤ እስኪደርስ አትጠብቁ። የሚቀጥለው ምልመላ ሲመጣና ልጃችሁ ጫማ ተውሶ ሲነሣ አብራችሁት ሂዱ። መልማዩንም በትሕትና ሦስት ነገር ጠይቁት። "ጌታዬ፣ ልጃችንን ስንት ቀን ያዩታል? አሠልጣኙንስ ጠይቀዋል? ካልመረጡትስ ለምን እንደሆነ ይነግሩታል?" በሉት። መልስ ካለው ሸልሙት። ከሌለው ግን ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ቤት ግቡ፤ ሰኞ ትምህርት አለበት።